ገዳዩ ከታወቀ ምን ቀረ?

አንድ ትዕይንት በመድረክ ወይም በቴሌቪዥን መስኮት ቀርቦ ሲያበቃ ሌላ ትዕይንት ይጀመራል፤ እርሱም የተመልካቹ አስተያየት ነው። የቡናው ቶና ሲቀዳ አንዱ «ግሩም ነው!» ይላል፤ ሌላው «ምን አለበትና!» ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆይቶ ሁለቱንም የሚያሳስብ ጥያቄ ይወረውራል። ሐያሲ በመጽሔት የጻፈው ተጠርዞ ይቀመጣል። የቡና ላይ ሂስ ግን ከሲኒው አተላ ጋር ተደፍቶ ይቀራል። ተደፍቶ መቅረቱ ምን ያህል ጉዳት እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ምሳሌው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራ አንድ የወንጀል ምርመራ ፊልም ሲሆን፣ የአስተያየቱ ባለቤቶች የደሴና የኮምቦልቻ ተመልካቾች ናቸው።

ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቁም በጠባይ የማይመሳሰሉ እኅትማማቾች ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በጉምና በብርድ ተጠቅልላ፣ በንግዷና በአንጋፋው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤቷ ትኮራለች። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት፣ በቦርከና ሸለቆ የተዘረጋች የፋብሪካና የሠራተኛ ከተማ ናት። የቆዩ ፊልሞች ከስልክ ወደ ስልክ በሚቀዱበት በዛሬው ዘመን፣ በአንዷም ሆነ በሌላዋ ከተማ እንግሊዝኛውን የሚያውቀው ለማያውቀው እየተረጐመ አብሮ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ዓይነት ከሚታዩት አንዱ «ኮሎምቦ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው።

«ኮሎምቦ» በቴሌቪዥን የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ሲሆን በጠቅላላው 69 ክፍሎች አሉት። መርማሪ ፖሊሱን ሆኖ የተጫወተው ፒተር ፎክ ነው። ለክርክሩ ምክንያት የሆነው ክፍል በአማርኛ «ግድያ እንደ መጽሐፉ» ሊባል የሚችለው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነው። ድርሰቱ የስቲቨን ቦችኮ ነው። ያዘጋጀው ደግሞ ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው፣ በኋላ ግን ስሙ ዓለምን ያዳረሰው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ የወንጀል ልቦለድ በጋራ ስም እያሳተሙ የበለጸጉ ሁለት ደራሲዎች ናቸው። በሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ይታተም እንጂ የሚጽፈው ጂም ብቻ ነው። ኬን የሚችለው ከጋዜጠኛ ጋር መሣቅን፣ በመጽሐፍ ላይ መፈረምንና ገንዘብ መበተንን ነው። ጂም ከእንግዲህ ብቻውን ሊጽፍ መቍረጡን ባስታወቀ ጊዜ የኬን የገቢ ምንጭ ሊደርቅ፣ ባዶነቱም ሊገለጥ ሆነ። ስለዚህ ባልንጀራውን አግባብቶ ከከተማ ርቆ ወደሚገኘው የገጠር ቤቱ ይወስደዋል። ከዚያም ለሚስቱ ስልክ ደውሎ ቢሮ እንደሆነና እንደሚያመሽ እንዲነግራት ያደርገዋል። መስመሩ ገና ሳይዘጋ ይተኩስበታል። ሚስት ተኩሱን ሰማች፤ ባሏ በቢሮው ሳለ የተገደለ መሰላት። ኬንም «በዚያ ሰዓት ሩቅ ነበርሁ» ለማለት በቃ። ይሁን እንጂ ሊሊ ላ ሳንካ የምትባል ባለ ሱቅ ጂምን በመኪናው ውስጥ አይታው ኖሮ ዝምታዋን በገንዘብ ልትሸጥለት ትመጣለች። ኬን እርስዋንም ይገድላታል።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በተመልካቹ ዐይን ፊት ነው። የተጨማደደ ካፖርት የለበሰው፣ ጥያቄውን ጨርሶ ከበር ከደረሰ በኋላ ተመልሶ «አንዲት ነገር ረስቼ» የሚለው መርማሪ ኮሎምቦ የሚመጣው ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ ካወቀ በኋላ ነው። የመርማሪው ጥርጣሬ የሚነሣው ከጥቃቅን ነገር ነው። ኬን የባልንጀራውን ሬሳ ከቤቱ ደጃፍ ሣር ላይ «አገኘሁ» ብሎ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የመጣለትን ፖስታ እየከፈተ አንብቧል። ባልንጀራው አደጋ እንደ ደረሰበት በሰማ ጊዜም በአውሮፕላን መመለስ ሲችል ረጅሙን መንገድ በመኪና ነው የመጣው። በመጨረሻ ኮሎምቦ ከሟቹ ወረቀቶች መካከል አንድ ማስታወሻ ያገኛል። በማስታወሻው ላይ የሰፈረው ለልቦለድ የታሰበ የግድያ ዘዴ ነው፤ ጂም ራሱ የተገደለበት ዘዴ! ይህን ጊዜ ኬን፣ ሐሳቡ የጂም ሳይሆን የራሱ እንደነበረ፣ በሕይወቱም ያፈለቀው ብቸኛ ጥሩ ሐሳብ እርሱ እንደሆነ ተናግሮ እጁን ይሰጣል።

በዚህ ክፍል ላይ የሚሰማው አስተያየት በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው «ገዳዩ ከመጀመሪያው ከታወቀ ምን ቀረ?» የሚለው ነው። የዚህ አስተያየት ባለቤቶች የምርመራ ታሪክን እንደ እንቆቅልሽ ያዩታል። «ምን አውቅልህ» ከተባለ በኋላ መልሱን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ጨዋታ አያውቅም። ደራሲውም ስሙን በመክፈቻው ስላወጣው ጨዋታውን አበላሽቶታል። ሙሉ አንድ ሰዓት መርማሪው የሚያውቁትን ነገር ሲፈልግ ማየት ሌላ ሰው የጣለውን ቁልፍ ሲፈልግ ቆሞ እንደ ማየት ነው፤ ይላሉ።

ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ስሕተት ነው። ስሕተትነቱን ለማሳየትም ሆሊውድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኢያጎ ተንኰሉን በመጀመሪያው ገቢር ለተመልካቹ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ የተሰወረ ነገር የለም። ሆኖም «ክፉውን ሰው አውቄዋለሁና ልሂድ» ብሎ ኮቱን ያነሣ ተመልካች አልታየም። ለምን? የተመልካቹን ልብ አንጠልጥሎ የሚይዘው «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ስላልሆነ ነው። አንዲት መሐረብ የአንዲትን ንጹሕ ሴት ሕይወት እንዴት እንደምትበላ፣ ኦቴሎም መጠየቅ የነበረበትን አንድ ጥያቄ በጊዜው ሳይጠይቅ እንዴት እንደሚቀር እያዩ መቃጠል ነው ተመልካቹን በወንበሩ ላይ የሚያስረው። የዶስቶዬቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» እ.ኤ.አ. በ1866 ሲታተም ገዳዩ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ክፍል ያሳውቃል። መርማሪው ፖርፊሪ ፔትሮቪች የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኮሎምቦ ፈጣሪዎች ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክም መርማሪያቸውን ሲቀርጹ ከፖርፊሪ መነሣታቸውን አልደበቁም።

ከባዕዱ ይልቅ የአገሩ ምሳሌ የበለጠ ይናገራል። በቀድሞው ዘመን በላ ልበልሃ በሚካሄድበት አደባባይ የአገሩ ሰው ለምን ይሰበሰብ ነበር? በሬውን ማን እንደ ወሰደ፣ ድንበሩን ማን እንደ ገፋ መንደሩ ሁሉ አስቀድሞ ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁሉም ያውቃል። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ተሟጋቹ ማርና ፈረስ፣ በቅሎም እየተወራረደ፣ «ተጠየቅ!» ብሎ በትሩን እየነቀነቀ፣ ያንን ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በዳኛ ፊት እንዴት እንደሚያስረዳው ለማየት ነው። ማወቅና ማስረዳት ሁለት ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ጥልቅ ስለሆነ ነው ሙግት እንደ ጥበብ የተቆጠረው። ኮሎምቦ የሚሠራውም በዚያ ገደል ላይ ድልድይ መጣል ነው። ስለዚህ በዚህ አገር «ገዳዩ ከታወቀ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ አያት ቅድመ አያቶች ፀሐይ ሲመታቸው ውለው ያዳመጡትን ትልቅ ትዕይንት መርሳት ነው።

ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከተማሩት ነው። «የፖሊስና የሌባ ፊልም ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም። በዚህ ላይ አስተያየት መስጠት በከንቱ መድከም ነው። ቁም ነገር ያለው ሰው ቁም ነገር ያለው ድርሰት ያንብብ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ግን በአብዛኛው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተውታል!

ለእነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። አንደኛ፣ ኮሎምቦ ከቴሌቪዥን ተከታታይነቱ በፊት የመድረክ ተውኔት ነበር። ሌቪንሰንና ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1962 ለመድረክ አቅርበውታል። አሠራሩን ልብ ብሎ ላየ ሰው መድረክነቱ ዛሬም አልለቀቀውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዱ የሚደብቀው ነገር አለው፤ ሌላው የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ይናገራል። ተኩስ የለም፤ ሩጫ የለም፤ ግጭቱ በሙሉ በንግግር ውስጥ ነው። ይህ የጸሐፌ ተውኔት ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው? ሁለተኛ፣ የአማርኛ አንባቢን ካበዙት ሥራዎች መካከል የወሎው ተወላጅ ማሞ ውድነህ የተረጐማቸው የስለላ መጻሕፍትና የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች ይገኙበታል። በእነዚህ መጻሕፍት አማካይነት ንባብን የለመደ ሰው በኋላ ፍቅር እስከ መቃብርን ቢያነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። አንባቢን ያመጣውን በር «የኋላ በር» ብሎ መሳደብ ውለታ ቢስነት ነው።

እርግጥ ነው፣ ንቀቱ ባይገባም ትችት ይገባል። ኮሎምቦ ነቀፌታ የማይነካው ሥራ አይደለም። ስልቱ በየክፍሉ ይደጋገማል። ገዳዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ባለጠጎችና ዝነኞች ናቸው። የተጨማደደ ካፖርት የለበሰው ፖሊስ ትዕቢተኛውን ሀብታም ሲያዋርድ ማየት ለተመልካቹ ደስታ ይሰጣል፤ ግን ሀብቱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮሎምቦ አይሳሳትም። የጠረጠረው ሰው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው። ተመልካቹ ግድያውን በዐይኑ ስላየ መርማሪው ንጹሑን ሰው ይጎዳል ብሎ አይሰጋም። በእውነተኛው ዓለም ግን መርማሪ ይሳሳታል። የማይሳሳት ፖሊስ በፊልም ሲያዩት የሚያስደስተውን ያህል በከተማ መንገድ ላይ አለ ብለው ሲያምኑት አደገኛ ነው። የተማሩት ሰዎች ይህን ቢናገሩ ኖሮ የሚሰማቸው ባገኙ ነበር። እነርሱ ግን ከንፈራቸውን መጥጠው አለፉ።

ሦስተኛው አስተያየት ዝም ብሎ ከቆየው ሰው የመጣ ነው። ይህ አስተያየት ሲሰማ የሁለቱ ጫጫታ ጋብ ይላል። «ይህ ማስረጃ ይበቃል እንዴ?» የሚል ነው። ወረቀቱ የሚያስረዳው ጂም አንድ ሐሳብ መጻፉን ብቻ ነው። ሟቹ በጻፈው ማስታወሻ ሌላ ሰው ሊፈረድበት ነውን? ሌሎቹ ፍንጮችም ቢሆኑ ኬን ባለ ሱቋን ማወቁን ያመለክቱ ይሆናል እንጂ መግደሉን አያሳዩም። ኬን አፉን ቢዘጋና ጥሩ ጠበቃ ቢያቆም ችሎቱ በነጻ ያሰናብተው ነበር። ስለዚህ መርማሪው አሸንፏል ቢባልም ክሱ ገና አልተረታም፤ ይላል ያ ተመልካች።

ይህን ጊዜ ከሁለቱም ወገን የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ «ፊልም እኮ ነው! ችሎት አደረግኸው እንዴ?» ይባላል። ይህ መልስ ተመልካችን ዝም ማሰኛ ስለሆነ ሊወገዝ ይገባል። ሥራው ራሱ «አስረዳለሁ» ብሎ ተነሥቷል። ግድያውን በመክፈቻው ማሳየቱ «የማን ሥራ እንደሆነ አትጨነቅ፤ እንዴት እንደሚረጋገጥ ግን እይ» ብሎ ለተመልካቹ ቃል መግባቱ ነው። ቃል የገባውን በቃሉ መያዝ የተመልካች መብት ነው። የሸማ ሥራን በመሸመኑ፣ የምርመራ ድርሰትንም በማስረጃው መመዘን ተገቢ ነው።

ከዚህም በላይ ጥያቄው ሥራውን ይበልጥ ያበራዋል። ማስረጃው በሕግ ዐይን ደካማ ከሆነ ኬን ለምን ተናዘዘ? መልሱ በገጸ ባሕርዩ ውስጥ ነው። ኬን ዕድሜውን በሌላ ሰው ድርሰት ላይ ሲፈርም የኖረ ሰው ነው። አሁን ደግሞ በሕይወቱ ያፈለቀው አንድ ሐሳብ ለሟቹ ሊቈጠር ነው። ለመዳን ዝም ማለት ይበቃዋል፤ ዝም ካለ ግን የዚያች አንዲት ሐሳብ ደራሲነት እንኳ ያመልጠዋል። ኬን ከነጻነቱ ደራሲነቱን መረጠ! ወረቀቱ መረጃ ሳይሆን ወጥመድ ነበር፤ በወጥመዱ ውስጥ የተቀመጠው ምግብም የኬን ትዕቢት ነው። በሕግ ረገድ መጨረሻው ሲላላ በድራማ ረገድ ግን ጠንካራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «ማስረጃው አይበቃም» የሚል ተመልካች ባይኖር ኖሮ ይህ ልዩነት ሳይታይ ያልፍ ነበር። እንግዲህ ከሦስቱ አስተያየቶች እውነተኛ ሂስ የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩ ግን ከአንድ ፊልም ያልፋል። «ማስረጃው ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ርካሽ ጥያቄ አይደለም። ሌባን ለመያዝ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ አደንዛዥ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውን ንብረትም ይከፍላል። ባለቤቱ ምን ብሎ ይከራከር? ልጁን አይጠይቀው፣ ልጁ ራሱን አያውቅም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውም ነበር። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እየማለ የሚያውቀውንና የሚጠረጥረውን ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ዕዳው ለሁሉም ይከፋፈላል። አውጫጭኝ ከሌባ ሻይ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ይናገርበታል፣ ይሟገትበታል። ነገር ግን የራበውና የደከመው ሰው ቤቱ ለመግባት ሲል የጐረቤቱን ስም እንዳይጠራ ምን ዋስትና ነበረው?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚልም አለ። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ጠበኞች ናቸው። የመጀመሪያው ያጣድፋል፤ ሁለተኛው «ቈይ፣ ይንጋ» ይላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በአገሪቱ ከተሞች የመጀመሪያው ሲነግሥ ምን እንደ ደረሰ በየቤቱ ያለ ፎቶግራፍ ይመሰክራል። በስብሰባ ላይ አንድ ጣት ተነሥቶ «እርሱ ነው!» ሲባል ያ ጣት ክስም፣ ምስክርም፣ ፍርድም ሆኖ ነበር። «ማስረጃው ይበቃል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢገኝ ራሱ ተጠርጣሪ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት እጅ በወደቁ ጊዜ ያዩትን መከራ ደግሞ ነዋሪዎቻቸው ያውቁታል። ጦርነት ባለፈበት ከተማ ሁሉ ደግሞ ከፍርስራሹ ሌላ የሚቀር ነገር አለ፤ «እገሌ እንዲህ አድርጎ ነበር» የሚል ወሬ። ከወሬው እውነት የሆነ ይኖራል፤ ሐሰት የሆነም ይኖራል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በመጠየቅ፣ በማመሳከርና በማስረዳት ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ ያዛል። እነዚህ ጥሩ ቃላት ናቸው። ነገር ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ስለ ታተመ ብቻ በሰው ልብ ውስጥ አይታተምም። በልብ የሚያትመው ልማድ ነው፤ ልማድን ከሚያስለምዱት አንዱ ደግሞ ድራማ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቤተሰቡን ሰብስቦ «ይህ ይበቃል? ያኛውስ? ምስክሩ ከየት አየው?» እያለ የሚከራከር ሰው፣ በማግሥቱ ስለ ጐረቤቱ ወሬ ሲሰማ ያንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ ይቀለዋል።

ታዲያ የአገር ውስጥ ደራሲዎች ምን እየሠሩ ነው? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል። በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን ፖሊስ የሌለበት ዓመት የለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚፈታው በሦስት መንገድ ነው፤ ወይ ሁለት ሰዎች በምስጢር ሲነጋገሩ ሦስተኛው በአጋጣሚ ይሰማል፤ ወይ ወንጀለኛው ሕሊናው ወቅሶት አልቅሶ ይናዘዛል፤ ወይም ጠረጴዛ ተመትቶ፣ አንገት ተይዞ «ትናገራለህ አትናገርም!» ይባልና ይናገራል። ተመልካቹም ያጨበጭባል። ይህ ጭብጨባ ሊያሳፍር ይገባል። የኬን ኑዛዜ ከገዛ ትዕቢቱ የወጣ ነው፤ ይህኛው ግን ከጡጫ የወጣ ነው። በጡጫ የወጣ ቃል እውነትም ሐሰትም ሊሆን ስለሚችል ምንም አያስረዳም። በድራማ ስንፍና ነው፤ በሕይወት ደግሞ ግፍ ነው።

«እንዲህ ያለ ድርሰት የውጭ አገር ላቦራቶሪና ገንዘብ ይፈልጋል» የሚል ማመካኛ ይቀርባል። ሐሰት ነው! የ«ግድያ እንደ መጽሐፉ» ሴራ በሙሉ የቆመው በአንድ የቤት ስልክ ላይ ነው፤ ስልክ የተናጋሪውን ድምፅ እንጂ ያለበትን ቦታ አያሳይም። ይህ ዘዴ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው አዲስ ነውን? ሐረጎን ገና ሳይወጣ፣ ሚኒባሱ ጉም ውስጥ ቆሞ ሳለ «ደሴ ገብቻለሁ፤ ፒያሳ ነኝ» ብሎ በእጅ ስልኩ የማይዋሽ መንገደኛ ስንት ነው? የዕለት ተዕለት ትንሽ ውሸት ናት፤ ትሣቃለች፤ ትረሳለች። ከዚያች ውሸት ሥር አንድ ሬሳ ቢቀመጥ ግን ድራማ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ማሰብ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ በዚያ ሰዓት መኪና ይገኛል? በዚያ ምሽት ሐረጎ ላይ ጉም ነበር? ከሆነስ በደረቅ ጫማ የገባው ሰው በየት በኩል መጣ? ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የወጣችው ሠራተኛ ማንን አየች? ሰኞ ገበያ ላይ ከሰዓት በኋላ «ገዛሁ» የተባለው በግ በእርግጥ በዚያ ሰዓት ይገኝ ነበር? ለዚህ ሁሉ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አገርን ማወቅና ተመልካችን ማክበር ይበቃል።

ተመልካችን ማክበር ማለት ደግሞ አስተያየቱን መስማት ማለት ነው። «ገዳዩ ከታወቀ ምን ቀረ?» ያለው ተመልካች ደራሲውን ቸኵል አይበለው፤ በላ ልበልሃን ያስታውስ። ከንፈሩን የመጠጠው ምሁር ወይ ዝም ይበል ወይ ያየውን ይተች። «ማስረጃው ይበቃል ወይ?» ያለው ግን በየከተማው በእጥፍ ይብዛ። ጸሐፌ ተውኔቱም እርሱን ፈርቶ ይጻፍ፤ እርሱን ለማርካት የተጻፈ ድርሰት ሌላውን ሁሉ ያረካልና።

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። የዚያች ከተማ ልጆች አንድን ሥራ «የፖሊስ ፊልም ነው» ብለው ሊጠየፉት አይገባም፤ «ፈረንጆቹ ስላደነቁት» ብለውም ያለ ጥያቄ ሊቀበሉት አይገባም። ግብሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የቀረበው ምግብ ግን ይቀመስና ይፈረድበት።

ገዳዩ ከታወቀ ምን ቀረ? ማስረዳቱ ቀረ።